ሳይቃጠል በቅጠል፦ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽንና የሞተሩ አያያዝ

(የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ወቅት በጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ ለተሰበሰቡ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ገበያ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ወደፊቱ ዕቅድ በሰፊው አብራርተዋል። የእኔ ርዕስ ከዚያ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። የምናገረው በየጣቢያችን ጥግ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ጥቅምትን ስለሚጠብቀው የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽንና ስለሚያዞረው የቤንዚን ሞተር ነው። ሆኖም ስለ ገበያና ስለ ትርፍ የተነገረው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ማሽን ጉሮሮ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ብትሰጡኝ አታዝኑበትም ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑ ለእኛ ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው የአካባቢያችን ቡና በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ስም፣ ከነልጣጩ ደርቆ በሚሸጥ ቡና ነበር። ዋጋውም እንደ ስሙ ዝቅተኛ ነበር። እሸት ገዝቶ፣ ፈልፍሎና አጥቦ መሸጥ በማኅበራት ደረጃ በስፋት የተጀመረው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በጅማ ዞን ማኅበራት አነስተኛ የመፈልፈያ ጣቢያዎችን እንዲያቋቁሙ ድጋፍ አድርጓል። ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በጎማ ወረዳ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ዱሮሚና ማለት በኦሮምኛ ባለጸግነት ማለት ነው። ዛፉ ያው ዛፍ፣ አፈሩም ያው አፈር ነበር። የተለወጠው ከለቀማ በኋላ ያለው አያያዝ ነው። ከለቀማ በኋላ ቡናችን የሚገናኘው የመጀመሪያው ብረት ደግሞ መፈልፈያው ነው።

አሁን አንድ ቀላል ስሌት አብረን እንሥራ። በሰዓት 500 ኪሎ እሸት የሚፈለፍል ማሽን አለን እንበል። በኅዳር ወር፣ እሸት በሚጎርፍበት ሳምንት፣ ለ6 ሰዓት ብቻ ቢቆም 30 ኩንታል እሸት ሳይፈለፈል ያድራል። ከ6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ስለሚገኝ ያ የአንድ ቀን መቆም 5 ኩንታል፣ ማለትም 29 ፈረሱላ ያህል ንጹሕ ቡናን ይነካል። እሸት ደግሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ መብላላትም ይጀምራል። ያን ጊዜ ያለን ምርጫ አልጋ ላይ ዘርግቶ ጀንፈል ማድረግ፣ እንዲያም ሲል ወደ ድሮው ዋጋ መመለስ ነው። ሰኔና ሰኞ የሚባለው ይኸው ነው፤ ማሽን የሚሰበረው ሁልጊዜ ሥራ በሚበዛበት ቀን ይመስላል። ምክንያቱ ግን ዕድል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ጉድለት የሚገለጠው ማሽኑ ሙሉ ቀን በሚሠራበት ጊዜ ስለሆነ ነው።

በአንድ ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው እሸት በገባ ቀን ሞተሩ አልነሳ አለ። ወጣቶች ገመዱን እየተፈራረቁ ሲስቡ ዋሉ። መካኒክ ከከተማ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ካርቡራቶሩን ሲፈታው ባለፈው ዓመት የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ቀዳዳውን ደፍኖታል። መጥረጉ አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ የተተካ ዕቃም አልነበረም። የሦስቱ ቀን እሸት ግን አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኗል። ያንን ያህል ኪሳራ ለማስቀረት በጥር ወር አንዲት ቧንቧ ከፍቶ ቤንዚኑን ማፍሰስ ይበቃ ነበር።

የየዕለቱ ምርመራ

ሞተር ከመነሳቱ በፊት አምስት ነገሮች ይታያሉ። ሁሉም በአሥር ደቂቃ ያልቃሉ።

1ኛ. ዘይት። በአብዛኞቹ ጣቢያዎቻችን ያሉት ትናንሽ ሞተሮች ባለ አራት ምት ናቸው። ዘይታቸው ከቤንዚን ጋር አይደባለቅም፤ የራሱ ቤት አለው። ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሳይነሳ፣ መለኪያው ተስቦ በጨርቅ ይጠረግና ተመልሶ ይገባል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ሲለካ መለኪያው ዝም ብሎ ይገባል እንጂ አይጠመዘዝም። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይጨመራል። ከላይኛው ምልክት በላይ መሙላትም ጉዳት ነው፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይቆሽሻል።

2ኛ. ቤንዚን። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ቤንዚን አይጨመር። ጀሪካኑ ውሃ፣ የምግብ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ የነበረበት መሆን የለበትም። ማጥለያ ባለው ማንቆርቆሪያ ይጨመር። ሞተሩ እየሠራ ወይም እንደጋለ ቤንዚን መጨመር ክልክል ነው። በአጠገቡም ሲጋራ አይጨስም።

3ኛ. የአየር ፊልትሮ። ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። አቧራና የቡና ገለባ ከያዘ ይጸዳል።

4ኛ. ብሎኖችና ዳዶዎች። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ስለሚውል ብሎን ይላላል። የሞተሩን መቀመጫ ብሎኖች በቁልፍ መንካት ይገባል።

5ኛ. ከበሮው። የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ ከበሮው በእጅ አንድ ዙር ይዞራል። ድንጋይ፣ ምስማር ወይም ትናንት የቀረ ፍሬ ካለ ያን ጊዜ ይገኛል። አንዲት ጠጠር የመዳቡን ቆርቆሮ ትቀድዳለች። ስለዚህ እሸቱ ወደ ቋት ከመግባቱ በፊት በውሃ ገንዳ ቢያልፍ መልካም ነው። ድንጋዩ ይሰምጣል፣ የተበላሸውና ባዶው ፍሬ ይንሳፈፋል፣ ጥሩው እሸት ብቻ ይገባል።

ሞተሩ ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን ይቆጥራል

ብዙዎቻችን «ዘይት የቀየርነው መቼ ነው?» ስንባል «ዓምና» እንላለን። ሞተር ግን የሚያረጀው በሠራው ሰዓት ልክ ነው። የእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የተለመደ መርሐ ግብር የሚከተለው ነው፦

ሀ) አዲስ ሞተር ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ፣ ወይም ሰዓቱ ባይሞላም በየ6 ወሩ ይቀየራል። ዘይቱ የሚፈሰው ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ለብ ካለ በኋላ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ለ) የአየር ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል። የስፖንጅ ዓይነት የሆነው በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። የወረቀት ዓይነት የሆነው ግን አይታጠብም፤ መታ መታ ተደርጎ አቧራው ይራገፋል፤ ካልሆነም ይለወጣል።

ሐ) ካንዴላው በየ100 ሰዓቱ ተፈትቶ ይታያል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ካንዴላ እንደ ሐኪም ነው፤ ቀለሙን ላየ ሰው የሞተሩን ጤና ይነግራል። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል፤ መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ። በዘይት ከረጠበ ዘይት ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይም ሞተሩ በውስጡ ተበልቷል፤ ለመካኒክ ይታይ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ መርሳት የለብንም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ስለሚሳሳ የዚህ ዓይነት ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 5.5 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛ ገደማውን ጥሎ ነው የሚሠራው። በቆሻሻ ፊልትሮ ላይ ይህ ሲደመር ሞተሩ ይታፈናል። ቋቱን ከልክ በላይ መሙላትም ሸክም መጨመር ነው። ማኅበራት አዲስ ሞተር ሲገዙ ይህንን አስበው ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን ቢመርጡ፣ ሻጩንም ካርቡራቶሩ ለከፍታ እንዲስተካከል ቢጠይቁ ይጠቅማል።

የዘይቱን ወጪ እናስላ። ማሽኑ በቀን 6 ሰዓት ለ60 ቀን ቢሠራ 360 ሰዓት ይሆናል። በየ100 ሰዓቱ ሦስት ጊዜ፣ መኸሩ ሲዘጋ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አራት ጊዜ ዘይት ይቀየራል። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በአንድ ጊዜ 0.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈልገው ሁለት ሊትር ተኩል የማይሞላ ዘይት ነው ማለት ነው። ይህንን የምንቆጥብ ማኅበራት ምን እየቆጠብን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የናፍጣ ሞተር ያላችሁም ዘይትና ፊልትሮ መጠበቁ ያው ነው። በተጨማሪ ናፍጣው ከሰርባቶዮው ተሟጦ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አየር ከገባበት መስመሩን ማስተንፈስ የግድ ይሆናል።

ቺንጋና ፑሌጃ

የሞተሩን ጉልበት ለማሽኑ የሚያደርሰው ቺንጋው ነው። የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ የጎማ ሽታ ያመጣል፤ ከበሮውም ፍጥነቱ ስለሚወላውል አንዳንዱ ፍሬ ሳይፈለፈል ያልፋል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። ልኩን ለማወቅ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ባለው ቦታ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት። በፑሌጃዎቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካለ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጎብጥ ትክክል ነው። ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መቆማቸውን ደግሞ ሲባጎ ወጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል።

ፑሌጃ ሲሰበር የተገኘውን መግጠም ሌላው ችግር ነው። የሞተሩ ፑሌጃ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የማሽኑ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከበሮው ከሞተሩ ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይዞራል። በ10ሩ ፈንታ 12 ሳንቲ ሜትር ብንገጥም ከበሮው በአንድ አምስተኛ ይፈጥናል። የፈጠነ ከበሮ ፍሬ ይቆርጣል። ስለዚህ አሮጌውን ፑሌጃ ይዞ ወደ ገበያ መሄድ እንጂ በግምት መግዛት አይገባም።

ኩሽኔታዎቹ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ግራሶ ይጠጣሉ። ትርፉ ወዲያው በጨርቅ ይጠረግ። ቡና ሽታ ይስባል፤ ግራሶም ሆነ ቤንዚን የነካው ቡና ቀማሹ ፊት ሲቀርብ መደበቂያ የለውም።

ክፍተቱን ማስተካከል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በሚዞረው ከበሮና ፊት ለፊቱ በቆመው መጭመቂያ ሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት የቡናችንን ደረጃ የሚወስን ነው። ክፍተቱ ከሰፋ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። ከጠበበ ፍሬው ይቆረጣል፣ ይፈነከታል። ከሁለቱ ጥፋቶች የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ያልተፈለፈለው ተለቅሞ እንደገና ሊገባ ይችላል። የተቆረጠው ግን አይጠገንም፤ በማብላያ ገንዳ ውስጥ በቁስሉ በኩል ውሃ ገብቶበት ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶና የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ ክፍተቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል መሆኑ ይለካል። አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ወይም ካርቶን በሁለቱም በኩል ማስገባት ይበቃል።

ቀጥሎ ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ ይጀመርና አንድ ባልዲ ቀይ እሸት ከውሃ ጋር ይለቀቃል። ከፍሬው መውጫ እፍኝ እፍኝ ተዘግኖ 100 ፍሬ ይቆጠራል። ያልተፈለፈለው ስንት ነው? የተቆረጠው ስንት ነው? ከዚያም ልጣጩ በሚወጣበት በኩል ሄዳችሁ ፍሬ አብሮ እየወጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ከልጣጭ ጋር ወደ ጉድጓድ የሚሄድ ፍሬ ማንም ሳያየው የሚጠፋ የአባላት ገንዘብ ነው።

ያልተፈለፈለ ከበዛ የሁለቱም ጫፍ ብሎኖች እኩል ሩብ ዙር ይጠብቃሉ። የተቆረጠ ከታየ ሩብ ዙር ይላላሉ። ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ እንደገና 100 ፍሬ ይቆጠራል። ልኩ ሲገኝ የማቆሚያው ዳዶ ይጠበቅና ውጤቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል።

ይህ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። የመጀመሪያው ለቀማ ፍሬና የመጨረሻው ለቀማ ፍሬ በመጠን አይመሳሰሉም። የደጋው ቡናና የቆላው ቡና፣ ዝናብ የጠገበውና ድርቅ የመታው ቡና እንደዚሁ ይለያያሉ። ስለዚህ ቢያንስ በየሳምንቱ፣ እንዲሁም የእሸቱ መጠን መለወጡ በዓይን በታየ ቁጥር መቁጠር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ግልጽ መነጋገር ይኖርብናል። አረንጓዴ እሸት ጠንካራ ስለሆነ በየትኛውም ማስተካከያ በደንብ አይፈለፈልም። አንዳንድ ጣቢያ ላይ ግን ያልተፈለፈለው ሲበዛ ኦፕሬተሩ ላይ ይጮህበታል፤ እሱም ብሎኑን ያጠብቃል። ያን ጊዜ አረንጓዴው ይጨፈለቃል፣ ቀዩም አብሮ ይቆረጣል። ቀይ ለቅሞ ያመጣው አባል አረንጓዴ ቀላቅሎ ባመጣው አባል ምክንያት ይጎዳል ማለት ነው። ይህ የማሽን ብልሽት አይደለም፤ የሚዛን ቦታ ብልሽት ነው። መድኃኒቱም በእሸት መቀበያው ላይ ዘመድና ጎረቤት ሳይባል አረንጓዴውን አስለቅሞ መመለስ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁላችንም የአንድ መንደር ሰዎች ነን። ነገር ግን ማሽኑ ይሉኝታ አያውቅም።

የማታ ጽዳት

የመጨረሻው እሸት ካለፈ በኋላ ንጹሕ ውሃ ብቻ እየተለቀቀ ማሽኑ ጥቂት ይዞራል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ የካንዴላው ሽቦ ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል። በከበሮውና በሰሌዳው መካከል፣ በቋቱ ጥግና በመውጫው ላይ የቀሩት ፍሬዎች በእንጨትና በብሩሽ ይወጣሉ። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ በካቻቢቴ ወይም በሌላ ብረት አይፋቅም።

ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። ማሽን ውስጥ ያደረ ፍሬ ሌሊቱን ይበሰብሳል። ጠዋት ከአዲሱ እሸት ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፣ ታጥቦም ደርቆም ሽታው አይለቀውም። አንዲት እንዲህ ያለች ፍሬ አንድ ሲኒ ቡና ታበላሻለች። ቀማሽ ደግሞ ጆንያውን ሙሉ አይቀምስም፤ በዚያች ሲኒ ነው የሚፈርድብን።

ማሽኑ ሲታጠብ ሞተሩ ላይ ውሃ አይረጭ። የመፈልፈያው ቆሻሻ ውሃም ወደ ጅረት አይለቀቅ፤ ወደ ተዘጋጀው ጉድጓድ ይሂድ። ከእኛ በታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች የሚጠጡት ያንኑ ወንዝ ነው። ልጣጩ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ቡናው እግር ቢመለስ ሁለት ጥቅም አለው።

እጅና ሕይወት ይቀድማሉ

እሸት ሲታፈን እጅ መስደድ የሰው ልማድ ነው። ጣት የሚቆረጠውም በዚያች ቅጽበት ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ሞተር አጥፋ፣ ሽቦ ንቀል፣ ከዚያ በእንጨት አስለቅቅ። ሽቦው ያልተነቀለ ሞተር ከበሮው በእጅ ሲዞር ድንገት ሊነሳ ይችላል።

ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስና የተንጠለጠለ ነገር ይዞ ቺንጋው አጠገብ መቆም አይፈቀድም። የቺንጋው መከለያ «ለሥራ አይመችም» ተብሎ ከተፈታ ዛሬውኑ ይመለስ። ልጆች ከማሽኑ ይራቁ። ሞተር በተዘጋ መጋዘን ውስጥ አይነሳ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ማርሚታውም ቡናው ወደሚሰጣበት አልጋ ጭስ እንዳይተፋ አቅጣጫው ይታይ።

መኸሩ ሲያልቅ

ጥር ሲገባ ሁላችንም ዓይናችን ወደ ሽያጩ ይዞራል፤ ማሽኑም ይረሳል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው።

ቤንዚኑ ከሰርባቶዮው ይፍሰስ፤ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውም በታችኛው መፍቻ ይውጣ። ዘይቱ ይቀየር። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመርና ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳብ፤ ካንዴላው ተመልሶ ይታሰር። ቀጥሎ ገመዱ ከበድ እስኪል ብቻ ተስቦ ይተው፤ ያን ጊዜ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ እርጥበት አይገባም። ቺንጋው ይላላ። የመፈልፈያው ብረት ደርቆ በስሱ የምግብ ዘይት ይቀባ፤ በጥቅምት በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ማሽኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ አይጥ በማይገባበት፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ።

ይኸው ዓይነት ሞተር በሌላው ዓለም ብዙ ሥራ ይሠራል። በበረዷማ አገሮች ከደጃፍ በረዶ የሚጠርገውን ማሽን የሚያዞረው እሱው ነው። እዚያም በረዶው ሲያልቅ ቤንዚኑ ይፈስሳል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ በረዶው ከመምጣቱ በፊትም ይፈተሻል። እነሱ የሚጠብቁት በረዶ፣ እኛ የምንጠብቀው እሸት ነው፤ ሁለቱም በመጡ ቀን ጊዜ አይሰጡም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ከባድ እውቀት የሚጠይቅ አይደለም። ታዲያ ለምን አይሠራም? ባየሁት ልክ መልሱ አንድ ነው፦ ማሽኑ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ኦፕሬተሩ በጥቅምት ተቀጥሮ በታኅሣሥ ይሰናበታል። ሰብሳቢው ሲቀየር ቁልፉ ይጠፋል። በበሬ ብንመለከተው፣ አባቶቼ፣ ከእናንተ መካከል በሬውን ካረሰበት በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ሳያየው የሚቆይ አለ? ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1. እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ኦፕሬተርና አንድ ምክትል በስም ይሰይም። ኃላፊነታቸው ዓመቱን ሙሉ ይሁን፤ ከመኸር ውጭ ላለው ጊዜ መጠነኛ ክፍያ ይታሰብላቸው። ምክትሎቹ ከሴት አባላት ቢመረጡ ደግ ነው። ፍሬውን ለቅመው የሚያበጥሩት፣ የተቆረጠውን ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው።

2. የማሽን መዝገብ ይከፈት። ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የገባው እሸት በኪሎ፣ ከ100 ፍሬ የተቆረጠውና ያልተፈለፈለው፣ የተጨመረ ዘይት፣ የተደረገ ጥገናና ፊርማ ይጻፍበት። አመራር ሲቀየር ርክክቡ በዚህ መዝገብ ይሁን።

3. የመለዋወጫ ሳጥን ይኑር። ሁለት ካንዴላ፣ ሁለት ቺንጋ፣ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ፣ አንድ ጥንድ ኩሽኔታ፣ ሦስት ሊትር ዘይት፣ ግራሶና ቁልፎች ቢኖሩት አብዛኛው ብልሽት በግማሽ ቀን ይፈታል። ዩኒየኑ ለሁሉም ማኅበራት በአንድ ላይ ቢገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዩኒየን የሚያስፈልገን ለዚህም ጭምር ነው።

4. የጥገና በጀት ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት ይነሳ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ስለዚህ ውሳኔው በሰብሳቢው መልካም ፈቃድ የሚተው አይደለም፤ በእናንተ በአባላት እጅ ነው።

5. የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ምርመራውን በነሐሴ ያድርጉት። በጥቅምት የሚመጣ ቡድን ብልሽት ይመዘግባል፤ በነሐሴ የሚመጣ ግን ብልሽት ያስቀራል። ማሽን በድጋፍ ሲሰጥም መመሪያው በኦሮምኛና በአማርኛ፣ መለዋወጫው ደግሞ ከማሽኑ ጋር እንዲመጣ ይጠየቅ። እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በበኩላችን ስለ ጉድጓድ ቁፋሮና ስለ ችግኝ የምንሰጠውን ያህል ጊዜ ለማሽኑ መስጠት አለብን።

ዛሬ ወደየመጣችሁበት፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ማና፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጌራ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ጣቢያችሁ ገብታችሁ ላስቲኩን ግለጡና የሰርባቶዮውን ክዳን ክፈቱ። ያረጀ ቤንዚን ከሸተታችሁ ጥቅምትን አትጠብቁ።

ሽማግሌዎቻችን በኦሮምኛ ሲመርቁ «ቡናና ሰላም አትጡ» ይላሉ። እኔም በዚሁ ምርቃት ልሰናበታችሁ።